አሥራ አንድን አሥራ ሰባት ያደረገች ጭረት

ይህን ለንስሐ አባቴ አልተናገርኩም። ለባሌም አልተናገርኩም። አሥር ዓመት ሙሉ አፌ ውስጥ ይዤው ስበላ ስጠጣ ኖሬያለሁ። እናንተ ስለማታውቁኝ ለእናንተ ልናገረው።

ጥፋቴን ስትሰሙ ትስቁ ይሆናል። በጨዋታ አጭበርብሬያለሁ። ያውም የራሴ ባልሆነ፣ ሌላ ሰው ብቻውን በሚጫወተው ጨዋታ። ሳቁ! ስትጨርሱ እንተያያለን።

ታላቅ ወንድሜ ደረጀ መቱ ውስጥ የቢሮ ሠራተኛ ነበር። እሑድ እሑድ ግን ኖፓ ወደሚባል ገጠር እየወረደ ዛፍ ላይ የንብ ቀፎ ይሰቅላል። አንድ እሑድ ከነቀፎው ወደቀ። ሁለቱም እጆቹ ተሰብረው በጀሶ ታሰሩ። የቀኝ እግሩ ግን ቁስሉ አልድን አለና አጥንቱ ድረስ መረቀዘ። ሐኪሞቹ እውነቱን አልደበቁንም፤ ጅማ ሄዶ እግሩ ካልተቆረጠ መርዙ ደሙ ውስጥ ገብቶ ይገድለዋል። ደረጀ እምቢ አለ። ዘመድ ለመነው፣ ቄስ ለመኑት፣ እኔ እግሩ ሥር ወድቄ አለቀስኩ። «ማሎ፣ ተዉኝ» ብቻ ነበር መልሱ። ማሎ በኦሮምኛ እባካችሁ ማለት ነው፤ ደረጀ ሲጨንቀው ኦሮምኛ ይቀናዋል።

ከመውደቁ በፊትም የሚወደው፣ ተኝቶም ጊዜ የሚያሳልፍበት አንድ ነገር ነበረው። ከኢንተርኔት ቤት ያሳተመው የጨዋታ መመሪያ። ተጫዋቹ ብቻውን ነው፤ አንድ ጀግና በደብተር ላይ ይፈጥራል፣ የሰይፉን፣ የጋሻውንና የነፍሱን ቁጥር ይጽፋል፣ ከዚያ በጫካና በምሽግ ውስጥ ከአውሬ ጋር እያታገለ ይመራዋል። ዕድሉን የሚወስነው ሃያ ፊት ያለው፣ እየተወረወረ ቁጥር የሚያወጣ ዳይስ ነው ይላል መመሪያው። እንዲህ ያለ ዳይስ መቱም የለ፣ ጎሬም የለ። ስለዚህ ደረጀ ከአንድ እስከ ሃያ የተጻፈባቸው ወረቀቶች ጠቅልሎ በቲማቲም ጣሳ ውስጥ አደረገና ዕጣ ማውጣት ጀመረ። እጆቹ ከታሰሩ በኋላ እጁ እኔ ሆንኩ። እሱ ያዛል፣ እኔ ዕጣ አወጣለሁ፣ እኔ እጽፋለሁ።

ሕጉ ቀላል ነው። ለአውሬው የወጣው ቁጥር ከጋሻህ ቁጥር እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ ተመታህ፤ አንድ ነፍስ ታጣለህ። አንድ ደረጃ ባለፍክ ቁጥር አንድ ነጥብ ታገኛለህ፤ ወይ ለሰይፍ ወይ ለጋሻ ትሰጠዋለህ። ደረጀ ሁሉንም ለሰይፍ ይሰጣል። «ጋሻ የፈሪ ነው» ይለኛል። ጋሻው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ 11 ላይ ተገትሮ ቀረ። ስንት ጊዜ ጨምርበት ብዬ ለመንኩት! ስለ ወረቀቱ ጀግና ብቻ ነበር የምለምነው? አይደለም። እሱም ያውቅ ነበር።

ከዚያ ትኩሳቱ መጣ። ሦስት ቀን ራሱን አያውቅም ነበር። በመጨረሻ ያገኛቸውና ገና ያልመደባቸው ስድስት ነጥቦች ደብተሩ ላይ እንደተጻፉ ጨዋታው ቆመ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ደረጀ አባታችንን ይጣራ ነበር። አባታችንን ሁለታችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ደረጀና ጋሼ ተቀያይመው አራት ዓመት ሳይነጋገሩ ነው ጋሼ የሞቱት። ጎሬ ሲቀበሩ ደረጀ አንዲት እንባ አልጣለም። በትኩሳቱ ግን ጋሼ፣ ጋሼ ሲል ዋለ። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ በረድ ሲልለት ደብተሩን አምጪ አለኝ። ጀግናው አንዲት ነፍስ ብቻ ቀርታው ዘንዶ የሚጠብቀው ድልድይ አፍ ላይ ቆሟል። ደረጀ ጣሪያውን እያየ፣ «ይቺን አንድ ምት ከቻለ ጅማ እሄዳለሁ። ከሞተ ግን ማንም ስለ እግሬ እንዳያነሳብኝ» አለ። ቀልዱን መስሎኝ ፊቱን አየሁት። የምሩን ነበር።

ዕጣውን አወጣሁ። አሥራ አምስት።

ለምን እውነቱን ጮክ ብዬ እንዳነበብኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። ዓይኑን ጨፈነና «በቃ» አለ፤ ደስ ያለው ይመስል ነበር። ያኔ ነው ያደረግሁት። በያዝኩት እስክሪብቶ በሁለተኛው አንድ ራስ ላይ አንዲት ጭረት ጨመርኩ። 11 የነበረው 17 ሆነ። ስድስቱን ነጥቦች ሰረዝኳቸው። እኔ ነኝ።

«አልተመታም፤ ጋሻው አሥራ ሰባት ነው» አልኩት።

«አሥራ አንድ ነው።»

«በትኩሳትህ ጊዜ ጋሻ፣ ጋሻ እያልክ ስትጮህ ነበር። ነጥቦቹን እዚያ ላይ ጻፍኩልህ።»

ደብተሩን ፊቱ ላይ ያዝኩለት። ቁጥሩን አየና፣ «ጋሻ ነው ያልኩት? ጋሼን አልጠራሁም?» አለኝ። የማርያም መንገድ ነበር፤ አንድ ፊደል ብቻ ነበር መመለስ የነበረብኝ። «አይ፣ ጋሻ ነው ያልከው» አልኩት።

«መኖር ፈልጌያለኋ» አለና አለቀሰ። በማግስቱ ጅማ ሄድን። እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ።

ደረጀ ዛሬ አለ። አግብቷል፣ ወልዷል። እግሩን ሊቆረጥ የሚፈራ ሰው ሲሰማ በክራንቹ ሄዶ ያጽናናል፤ «ራሴን ስቼ እንኳ ጋሻ ስጡኝ ብያለሁ፤ ሰው መኖር ይፈልጋል» ይለዋል። እኔ አጠገቡ ቆሜ ራሴን በአዎንታ እነቀንቃለሁ። ይህንንስ እችለዋለሁ። የማልችለው ሌላውን ነው። በየዓመቱ ለጋሼ ሙት ዓመት ጎሬ ስንሄድ እሱ ይቀራል። «እየሞትኩ እንኳ አልጠራሁትም» ይላል፣ ኮራ ብሎ። ይህን ኩራት የሰጠሁት እኔ ነኝ። የሞቱ አባቱን ከአፉ ነጥቄ ቁጥር አደረግኋቸው።

ላድነው ብዬ ነው? እንዲህ ብል ታምኑኛላችሁ፤ እኔ ግን አላምነውም። ያኔ ባል የለኝ፣ እናት የለኝ፣ አባት የለኝ፤ በዚያ ቤት ብቻዬን እንዳልቀር ብዬ ነው። ጋሻው የእኔ ነበር። የደረጀን ፈቃድ ሰርቄ ራሴን ጋረድኩበት። ሰረቅሁ፣ ዋሸሁ፣ ደግሜ ዋሸሁ። ዛሬም ያ ዕጣ ቢወጣ ያችኑ ጭረት እጨምራለሁ። እግዚአብሔር ይህን ከንስሐ አይቆጥርልኝም፤ አውቃለሁ፤ አይቁጠርልኝ።

አንድ ያልነገርኳችሁ አለ። ደረጀ ጋሼ ብሎ ብቻ አላቆመም። «ጋሼ፣ ይጠብቁኝ» ነበር የሚለው። እየመጣሁ ነውና ይቆዩኝ ማለቱ ነው? ወይስ ከዚህ ሞት ይከልሉኝ? አሥር ዓመት ሙሉ ቃሉን አገላብጬዋለሁ። ሁለተኛው ቢሆን ውሸቴ ይቀልልኛል፤ ስለሚቀልልኝም አልመርጠውም።

ደረጀ፣ ይህን ካነበብክ ይቅርታ አልጠይቅህም። አባትህን ጠርተሃል። ምን ማለትህ እንደነበር የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። ልትጠላኝ ትችላለህ፤ ለመጥላትም በሕይወት መኖር ያስፈልጋል።