መርዶ በእንግሊዝኛ

እንግሊዝኛ ማወቅ እንዲህ መዘዝ ያመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። አያት ሰፈር፣ እትዬ በላይነሽ ግቢ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ከጎኔ ያለውን ክፍል ኤማ የምትባል ፈረንጅ አስተማሪ ተከራይታዋለች። አንድ ቅዳሜ እሷ ለሽርሽር እንጦጦ ወጥታ ሳለ፣ ስልኳ አልሠራ ያለው ወንድሟ እትዬ በላይነሽ ጋ ደወለ። ስልኩ ለእኔ ተሰጠኝ። ያሳደገቻት አክስቷ ሞታለች።

«ስትመጣ እነግራታለሁ» አልኩ።

እትዬ በላይነሽ ደረታቸውን መቱ። «ምን ያለኸው ነህ! መርዶ ሲነጋ ነው፣ ሰው ተሰብስቦ። አንተ ብቻ እንግሊዝኛውን በወግ አዘጋጅ።»

ማታ ኤማ ስትገባ ሁላችንም ጥርሳችንን አሳየናት። ከዚያ እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ልምምድ ጀመርኩ። በእንግሊዝኛም ቢሆን «ሞተች» ብሎ ማፍረጥ ነውር ነው። «ፓስድ አዌይ» ልበል ወይስ «ሺ ኢዝ ኢን ኤ ቤተር ፕሌስ»? የመጀመሪያው ቀለለብኝ፣ ሁለተኛው ደግሞ አክስትየዋ ቤት የቀየረች አስመሰለብኝ።

ጎህ ሲቀድ የእድሩ እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላዬ ተሰለፉ። እትዬ በላይነሽ በክርናቸው ጎሰሙኝ፤ በሩን አንኳኳሁ።

«ኤማ... አይ አም ሶ ሶሪ... ዩር አንት...» ሌሊቱን ያጠናሁት ሁሉ ድርግም አለብኝ።

ኤማ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ጥቁር ለብሳለች። ከኋላዋ ወንበሮች ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል።

«ግቡ» አለች ሰምተንባት በማናውቀው አማርኛ። «ማታውኑ ስልኬ ሲሠራ ወንድሜ ነግሮኛል። ሳታረዱኝ ባለቅስ ትቀየሙኛላችሁ ብዬ ነው የጠበቅኳችሁ። አሁን ማልቀስ ይቻላል?»