ኦክሳና፣ የባኬ ጃማ ልጅ

ስሜ ኦክሳና ነው። የተወለድኩት ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ፣ በእናቴም በአባቴም ወገን ኦሮሞ ከሆነ ቤት ነው። ስሙ ከየት መጣ ለሚለኝ ሁሉ ሳልሰለች አወራለሁ፤ እንዴት ተወስዶብኝ እንዴት እንደተመለሰልኝ ሳወራ ግን ዛሬም ደሜ ይፈላል።

እናቴ እኔን ስታምጥ ሁለት ቀን ተሰቃይታ በመጨረሻ ያዋለደቻት የሚሲዮኑ ሆስፒታል አዋላጅ ነበረች። የሩሲያው ንጉሥ የዛሩ መንግሥት ሲወድቅ ከዩክሬን ተሰዳ፣ ብዙ አገር ዞራ እኛ ዘንድ የደረሰች ሴት ናት። የሆስፒታሉ አትክልተኛ የነበረው አባቴ በደስታው ስሟን ሰጠኝ። ከፍ ስል የስሙን ታሪክ ደጋግማ ነገረችኝ። መነሻው ከግሪኮች ነው፤ ትርጉሙም «እንግዳ ሰው» ማለት ነው። የአንዲት ቅድስት ስም ሆኖ ከቤተ ክርስቲያን ጋር አገሯ ገባ፤ የመንደሩም ሰው በአፉ እያሸ ኦክሳና አደረገው። የመንግሥት ጸሐፊዎች ግን የገበሬ አነጋገር ነው ብለው ይንቁት ስለነበር ወረቀቷ ላይ በቅድስቲቱ ስም ክሴኒያ ብለው ጻፉባት። እናቷ እስክትሞት ኦክሳና ነው ያለቻት። ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ይለወጥ ነበር።

ትምህርት ቤት የገባሁት ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ነው። የእሷን ስም ያወጡላት አያቷ ናቸው፤ እናቷ ብዙ ዓመት ጠብቃ ስለወለደቻት በኦሮምኛ «ታጋሽ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጧት። ስሙን ሳላስፈቅዳት እዚህ አልጽፈውም። በስሟ ላይ ያዘዘባት አንድ ሰው ይበቃል።

ያ ሰው የትምህርት ቤቱ መዝጋቢ ነው። ከሸዋ የመጣ ነበር፤ ያኔ አንቱ እንለው ነበር፣ ዛሬ ግን አንቱታዬን ነፍጌዋለሁ። በጃንሆይ ዘመን ልማድ ነበር፤ የኦሮሞ ልጅ ሲመዘገብ ስሙ ይስተካከላል ይባላል። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን ሁለታችንንም ሰረዘን። ለእኔ ያልሰማሁት ስም ጻፈልኝ። ለጓደኛዬ የእህቱን ስም ሰጣትና ደስ ሊላት እንደሚገባ ነገራት። ትርጉሙን ቢጠይቅ ምን ነበረበት? በአማርኛም ትዕግሥት የሚባል ስም አለ። አልጠየቀም፤ ለገዛት ጥጃ ስም እንደሚያወጣ ሰው አውጥቶልን ወደ ሌላው ልጅ ዞረ።

አባቴ ነገሩን ለአዋላጇ ነገራት። በማግስቱ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ትምህርት ቤት መጣች። መዝጋቢው ከወንበሩ ብድግ አለ። የሰረዘው የእሷን ስም መሆኑን ነገረችው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ማዳም» አላት፤ «የእነሱ ስም መስሎኝ ነው።»

ከዚያ የጻፈውን በምላጭ ፍቆ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ኦክሳና ብሎ መለሰልኝ። ደስታዬን አልቻልኩትም። ጓደኛዬ አጠገቤ ቆማ ነበር። እጄን ሳብ አድርጋ በኦሮምኛ «ካን ኮ ሆ?» አለችኝ፤ የእኔስ ማለቷ ነው። አዋላጇ ገና ከክፍሉ አልወጣችም ነበር፤ ልነግራት እችል ነበር። ሰውየው ተቆጥቶ የእኔንም መልሶ እንዳይሰርዘው ፈርቼ ዝም አልኩ። በራሴ ላይ የምናደደው በዚህ ነው።

ዓመቱ ሳያልቅ የጓደኛዬ እናት ሌላ ሴት ልጅ ወለደች። አያትየው የልጅ ልጃቸውን የምሥራች ብለው ሊወስዷት ትምህርት ቤት ድረስ በእግራቸው መጡ፤ በሩ ላይ ቆመው እሳቸው ራሳቸው ባወጡላት ስም አስጠሯት። ዘበኛው መዝጋቢው ዘንድ ገብቶ ጠየቀና፣ በዚህ ስም የተጻፈች ልጅ የለችም ብሎ መለሳቸው። ጓደኛዬና እኔ ያን ጊዜ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር።

ነገሩን የሰማነው ማምሻውን አራሷ ቤት ስንገባ ነው። አያትየው ስም ያልወጣላትን ሕፃን ታቅፈው ተቀምጠዋል። እኔ ብሆን ያን መዝገብ በጥርሴ እቀደው ነበር፤ እሳቸው ግን አልተቆጡም። መዝጋቢው ምን ብሎ እንደጻፋት ጓደኛዬን ጠየቋት። ስትነግራቸው ምላሳቸው እስኪለምደው ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገሙት፤ የመዝጋቢው እህት ስም መሆኑንም ነገረቻቸው። ከዚያ ሕፃኗን እያዩ፣ ይችኛዋ እንኳ ስትጠራ እንድትገኝ፣ ሰውየው ሌላ እህት አለችው ወይ ብለው ጠየቁን።