የእስክንድርያ ውኃ

የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ባሕር አይቼ ግን አላውቅም። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚማሩ ሠራተኞች ስለ መካከለኛው ዘመን እስክንድርያ ሳስተምር ወደቡ ላይ ተወልጄ ያደግሁ ነበር የምመስለው። መርከቡን፣ የቅመሙን ንግድ፣ የመብራት ማማውን አንድ በአንድ አወርደዋለሁ። ከተማዋ ከወንዙ ራቅ ስለምትል ዓመቱን ሙሉ የምትጠጣው ወንዙ ሲሞላ በቦይ ገብቶ ከየቤቱ ሥር የሚጠራቀመውን ውኃ እንደነበረም ነገርኳቸው።

ፈተና ላይ ያ ውኃ ከየት ይመጣ እንደነበር ጠየቅሁ። እኔ የጠበቅሁት መልስ አባይ ነው። ከተማሪዎቹ በዕድሜ ትልቋ፣ አንድ መሥሪያ ቤት በጽዳት የሚሠሩ የኢታንግ ሴት፣ ሁልጊዜ ከሁሉ ቀድመው እጃቸውን የሚያወጡት፣ "ከኛ ወንዝ፣ ከባሮ" ብለው ጻፉ።

ቀይ ኤክስ አደረግሁበት። እዚያ ላይ ባበቃ ምን ነበረበት! ወረቀት ስመልስ ክፍሉን ላዝናና ብዬ መልሳቸውን ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ እስክንድርያ ኢታንግ አጠገብ ናት እንዴ ብዬም ጨመርኩበት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሴትዮዋ ወንድማቸው በጀልባ ባሮ ዳር ካለችው ከማታር ቁልቁል እየወረደ ነጭ አባይ ድረስ እንደሚሄድ ሊያስረዱ ጀመሩ። ሰዓት የለንም፣ ይቀመጡ አልኳቸው።

ሰኞ ለሌላ ክፍል ካርታ ስሰቅል ዓይኔ ጋምቤላ ላይ አረፈ። ባሮን በጣቴ ተከትዬ ወረድኩ። ድንበር ተሻገረ፣ ነጭ አባይ ገባ፣ ካርቱም ላይ ከአባይ ጋር ተገናኘ፣ ከዚያ ሜድትራንያን። በየቀኑ በድልድይ የምሻገረው ወንዝ ነው። ጎጃም ተወልጄ ስላደግሁ ግን ግብፅ ሲባል የሚታየኝ የአገሬ ወንዝ ብቻ ነበር። በጣም አፈርኩ። ሰው ሳያየኝ ካርታውን መልሼ ጠቀለልኩት።

ቅዳሜ ከክፍል በፊት በረንዳ ላይ ጠብቄ ወረቀታቸውን ተቀበልኳቸው። ኤክሱን ሰርዤ ማርኩን ሰጠሁና ልክ እርስዎ ነበሩ፣ ይቅርታ አልኳቸው፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ወረቀቱን አዩት፣ ከዚያ እኔን።

"መምህር፣ ያን ቀን ጮክ ብለህ ነው ያነበብከው። ዛሬም ጮክ ብለህ አንብብ።"

እሺ ብዬ ገባሁ። ሁሉም ቀና ብለው ሲያዩኝ፣ ፖርሽን አልጨረስንም ብዬ ቀጣዩን ምዕራፍ አስገለጥኳቸው። ሴትዮዋ ወረቀቱን ዴስኩ ላይ ዘርግተው ጠበቁ። ቆይተው አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

እስከ ዓመቱ መጨረሻ አንድም ቅዳሜ አልቀሩም። እጃቸውን ግን ዳግመኛ አላወጡም።