ለሲስተር የተወው ጨው

ባሌ ስንት ዓመት ለምኜው እምቢ ያለኝን ጨው፣ አንዲት ነርስ ሁለቴ ቤታችን መጥታ አስተወችው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ያኔ ግን እኔ አልሳቅኩም።

የምንኖረው ልደታ፣ አብነት ውስጥ ነው። ባሌ ብረት በያጅ ነው፤ በርና መስኮት ይሠራል። የሥራ ቦታውና ቤታችን አንድ ግቢ ውስጥ ስለሆኑ፣ የብየዳው ጢስ ወጤ ውስጥ ገባ እያልኩ ስነጫነጭ ነው የኖርኩት። እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ፤ ይህ ሁሉ የሆነው ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ ነው። ለባቡሩ ሐዲድ መንገዱ ሁሉ ተቆፍሮ፣ ከልደታ ማርያም በኩል ወደ እኛ ሰፈር የሚመጣ ሰው ጫማው አመድ መስሎ የሚገባበት ጊዜ ነበር።

አንድ እሑድ የእድራችን ስብሰባ ላይ ነጭ ጋውን የለበሱ ሰዎች መጡና ስለ ደም ግፊት ጥናት ሊያደርጉ እንደሆነ አስረዱን። ግፊት ያለበት ሰው መድኃኒቱን ከጤና ጣቢያ እየወሰደ፣ በዚያ ላይ ነርስ ቤቱ ድረስ እየሄደች ብትከታተለው ግፊቱ ይበልጥ ይወርድለታል ወይ? ከስትሮክና ከልብ ሕመምስ ይተርፋል ወይ? ማወቅ የፈለጉት ይህን ነው። ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ይለካል። ግፊቱ ከፍ ያለው በዕጣ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ጋ ነርስ ትሄዳለች፣ ግማሹ እንደ ወትሮው ጤና ጣቢያ እየተመላለሰ ይታከማል።

ባሌ "እኔ ምን ሆንኩና ነው የምለካው?" ብሎ ሊወጣ ሲነሳ ኮሌታውን ይዤ አስቀመጥኩት። ለኩት። የለካው ሐኪም ዝም ብሎ ደገመው፤ ከዚያ ሌላኛውን እጁን ጠየቀው። እኔም ተለካሁ። "የእርስዎ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ግን ለጥናቱ አይደርስም። ጨው ይቀንሱ" ተባልኩ። ዕጣው ሲወጣ ባሌ ነርስ ከሚሄድላቸው ወገን ሆነ። ደስታዬን መያዝ አቃተኝ። ለጎረቤቴ "ማርያም ሰማችኝ" ብዬ ነገርኳት።

ነርሷ በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣች። እኛ ቤት ሲስተር ነበር የምንላት። ቀጭን፣ ጠይም፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት ልጅ ናት። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው። የብረት ጩኸት ጆሮውን ስለጎዳው እኔን አሥር ጊዜ "ምን አልሽ?" የሚለኝ ሰውዬ፣ ለእሷ ሲሆን አንገቱን ዘንበል አድርጎ አንድም ቃል ሳያመልጠው ይሰማታል። መጀመሪያ ታስቀምጠዋለች፣ ጀርባውን ታስደግፈዋለች፣ ትንሽ ታሳርፈዋለች፣ ከዚያ ትለካዋለች። ከለካች በኋላ ያወራሉ። ስለ ምን እንደሚያወሩ ያኔ አላውቅም፤ እኔ ጓዳ ነበርኩ።

በሁለተኛው ጉብኝት ማግስት ምሳ ላይ ጨው ወደሚቀመጥበት እጁ ሄዶ መንገድ ላይ ቆመ። "ይቅር፤ ሲስተር ይብቃዎት ብላለች" አለ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ቀጥሎ ሲጋራውን ተወ። ከዚያ ማታ ማታ እስከ ሰንጋ ተራ በእግሩ ደርሶ መመለስ ጀመረ። እኔ "እስቲ አብረን እንሂድ" ስለው "አንቺ ዝግ ትያለሽ፤ ሲስተር ፈጠን ብለው ነው መሄድ ያለብዎት ብላኛለች" ብሎኝ ሄደ። ቅዳሜ ጠዋት ጢሙን ይላጫል፣ የበዓል ኮቱን ይለብሳል። ማታ ስልኩ ላይ "ጋሼ፣ መድኃኒትዎን ወስደዋል?" የሚል መልእክት ይመጣለታል። ስልክ ማንሳትና መዝጋት እንጂ መጻፍ የማያውቅ ሰው መነጽሩን አድርጎ፣ ላብ እስኪመጣው ታግሎ "አዎ" ብሎ ይመልሳል። ለእኔ አንድ ቀን እንኳ ጽፎልኝ አያውቅም።

ጎረቤቴ ነገሩን ከእኔ ቀድማ ነው የነካችው።

"አንቺ፣ ያቺ ልጅ ባል አላት?"

"እኔ ምን አውቅልሻለሁ?"

"ጠይቂያ! ሽማግሌ በየቅዳሜው ሲላጭ ዝም አይባልም።"

ሳቅኩባት። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜን ጠላሁት።

የመስቀል ዕለት ባሰብኝ። ባሌ ጉራጌ ነው። እኔ ሸዋ ተወልጄ ክትፎውን ከእናቱ እጅ ቆሜ ነው የተማርኩት፤ እሳቸውም ሳይሞቱ "ከልጆቼ ትበልጫለሽ" ብለውኛል። በቅቤ ለውሼ፣ ሚጥሚጣውን አስተካክዬ ፊቱ አኖርኩለት። አንድ ጊዜ ጎረሰ፣ ጣባውን ወደ እንግዶቹ ገፋ አደረገው። "ቅቤው በዛብኝ። ሲስተር…" ሲል ቃሉን ሳላስጨርሰው ተነስቼ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ በመጣችበት ቅዳሜ ጓዳ አልገባሁም። መኝታ ቤት ልብስ አጣጥፋለሁ ብዬ ገባሁ። ከሳሎኑ የሚለየኝ መጋረጃ ብቻ ነው። ለካችውና ወርዷል አለችው። ከዚያ በዚያ በቀስታ ድምጿ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦

"ጋሼ፣ ከዚህ በሽታ በጣም የሚያስፈራዎት ምንድን ነው?"

ዝም አለ። እሷም ዝም አለች። ዝምታው ከመርዘሙ የተነሳ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ መልስ ልሰጥለት ምንም አልቀረኝ። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠረገ።

"አባቴ ሰንጋ ተራ ሱቅ ነበረው" አለ። "አንድ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ወደቀ። ግማሽ አካሉ አልንቀሳቀስ አለ፤ አፉም ተያዘ። ብዙ ጊዜ ተኛ። የማጎርሰው እኔ ነበርኩ። ስገባ ስሜን ሊጠራ ይታገልና ሲያቅተው ያለቅስ ነበር። ኋላ ኋላ እንዳያለቅስ ብዬ፣ ሲነቃ ሳይሆን ሲተኛ መግባት ጀመርኩ።"

እጄ ላይ የነበረው ሸሚዝ ወደቀ። እኔ የማውቀው አባቱ በድንገት ሞቱ የሚለውን ብቻ ነው። ከተጫጨን ቀን ጀምሮ የነገረኝ እሱን ነው። ልጆች ወልደን፣ አሳድገን፣ እናቱን አብረን ቀብረን፣ ይህን ለእኔ አልነገረኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ ለምትል ልጅ ነገራት። ክትፎውም ኮቱም ያን ያህል አላቃጠለኝም።

ምሳ አቀረብኩና ሳልቀመጥ ጠየቅኩት።

"አባትህ በድንገት አይደለም እንዴ የሞቱት?"

ጉርሻውን መልሶ አኖረው። "ሰማሽ?"

"መጋረጃ ነው ያለን። ጆሮዬን ልቁረጠው?"

"ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።"

"እኔ እኮ ሚስትህ ነኝ!"

"አንቺ ጠይቀሽኝ አታውቂም" አለ፣ ሳይቆጣ። "አንቺ የምትነግሪኝ ነው። ጨው ተው፣ ሲጋራ ተው፣ ሐኪም ቤት ሂድ። እንደ ተማሪሽ። ደግሞ ብነግርሽ ትፈሪያለሽ። ያንቺን ፍርሃትም የማባብለው እኔው ነኝ። እሷ ብትፈራ ቤቷ ሄዳ ነው የምትፈራው።"

ሌላ ሴት ወዶብኝ ቢሆን የማደርገው አይጠፋኝም፤ ሽማግሌ እሰበስባለሁ። አሁን ሽማግሌ ሰብስቤ ምን ልላቸው ነው? ባሌ የሆዱን ለነርስ ነገረብኝ ልል ነው? ያን ሳምንት ከእሱ ጋር የተነጋገርኩት ስለ ዳቦና ስለ መብራት ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ጉብኝት ሲስተር ስትወጣ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ታክሲ ድረስ ሸኘኋት። ሁለተኛ እንዳትመጪ ልላት ነበር ያሰብኩት። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ሲስተር፣ ባሌን ምን አድርገሽው ነው?"

ቆመች። ፊቴን አየችና ገባት። "እትዬ፣ ቅር አሰኘሁዎት?"

"ያን ጥያቄ ከየት አመጣሽው? ምን ያስፈራዎታል ያልሽውን።"

"በሥልጠና የተማርነው ነው። በየቤቱ እንጠይቃለን። ጠይቁ፣ ከዚያ ዝም በሉ ነው የተባልነው።" ፈገግ አለች። "እኔን የከበደኝ ዝም ማለቱ ነው።"

"ሁሉንም ሰው የምትጠይቂው ነው?"

"ሁሉንም፣ እትዬ።"

ቀለል አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር ወጋኝ። ልጅቷ ምንም አስማት የላትም። ማንም ሊጠይቀው የሚችለውን ነው የጠየቀችው። ታዲያ እኔ እስከዛሬ የት ነበርኩ? ታክሲው መጣ፤ ጉንጬን ስማኝ ሄደች።

ከዓመት በላይ ቆይቶ ጥናቱ አለቀ። ጤና ጣቢያው አዳራሽ ተጠርተን ሄድን። ጥናቱን የመሩት ዶክተር ነርስ የሄደችላቸው ሰዎች ግፊት ከሌሎቹ በተሻለ መውረዱን ነገሩን። አስተያየት ያለው ሲባል ባሌ ተነሳ። ሲስተርን አመሰገነ፤ መረቃት፤ "እሷ ባትኖር እዚህ አልቆምም" አለ። ስለ እኔ ትንፍሽ አላለም። በቀሚሴ ላይ የሌለ ክር ስለቅም ቆየሁ።

ከኋላ አንዲት ሴት ተነሳች። ጥቁር ለብሳለች። ወሎዬ መሆኗ ከአነጋገሯ ያስታውቃል፤ ከእኛ ብዙም የማይርቅ ሱቅ እንዳላቸው ኋላ ሰማሁ።

"የእኔ ባል ዕጣው ለዚያኛው ወጣ" አለች። "እንደ ወትሮው እየተመላለሰ ነበር። ረመዳን ሊገባ ሲል ስትሮክ መታው። እኛ ጋ ሰው ቢመጣ ኖሮስ?"

ዶክተሩ ከመድረኩ ወርደው አጠገቧ ቆሙ። "እናቴ፣ የትኛው እንደሚሻል ያኔ እኛም አናውቅም ነበር። ያጠናነው ለማወቅ ነው። ሰው ቢመጣ ይተርፉ ነበር ብዬ ልዋሽዎት አልችልም፤ አይተርፉም ማለትም አልችልም።"

"አሁንስ አወቃችሁ። ከነገ ጀምሮ ለሁሉም ትመጣላችሁ?"

"ለሚመለከተው አካል እናቀርባለን። የነርሶቹ በጀት ግን ለጥናቱ ብቻ ነበር።"

ሴትዮዋ ስትቀመጥ ባሌን አየችው፤ ኮቱን፣ የተላጨ ጉንጩን፣ ደህና ሆኖ መቀመጡን። ከዚያ እኔን አየችኝ። ያን አተያይ አውቀዋለሁ። እኔ ሲስተርን የማያት እንደዚያ ነበር። በእኔ የሚቀና ሰው ይኖራል የሚል ሐሳብ እስከዚያች ደቂቃ አልመጣልኝም። ስንወጣ ሄጄ "እግዜር ያጥናሽ" አልኳት። ራሷን ነቀነቀች እንጂ አልመለሰችልኝም፤ አልፈረድኩባትም።

ሲስተር መምጣቷ ሲቀር ባሌ ላላ። ሰንጋ ተራ መሄዱን አቆመ። ጠዋት የወሰደ መስሎ የደበቀውን መድኃኒት አልጋው ሥር አገኘሁት። ልጃችን መለኪያ ገዝቶ ላከልን፤ ባሌ ሲስተር ያሳየችውን እያስታወሰ አሳየኝና እኔ ለካሁት። ግፊቱ ተመልሶ ወጥቷል። "አየህ! አላልኩህም?" ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

"ምን ያስፈራሃል?" አልኩት።

"እሷ ስትጠይቅ እንዲህ አይደለም" ብሎ ሳቀ። ደሜ ፈላ። ቢሆንም ዝም አልኩ። በጣም ከበደኝ።

"የምፈራውማ" አለ ቆይቶ፣ "እንደ አባቴ አፌ ቢያዝ፣ አንቺ በእኔ ፈንታ የምትናገሪውን ነው።"

ቀልዶብኝ እንደሆነ ለማወቅ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም። ሁለት ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እጁን ያዝኩት፤ መለኪያው ገና ክንዱ ላይ ነበር።

አሁን ባሌ ደህና ነው፤ ግፊቱ አንዳንዴ ይወጣል፣ ይወርዳል። የእኔም ለመድኃኒት በቅቷል፤ ሁለታችንም በአንድ ብርጭቆ ውኃ እንወስዳለን። ሲስተር ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ሄዳለች። በዓል በመጣ ቁጥር ትደውላለች፤ እሱም ስልኩን ይዞ ወደ ግቢ ይወጣል። እኔ ሰሃን የማነሳ መስዬ በሩ ላይ እቆማለሁ።

"ሰላም በልልኝ ብላለች" ይለኛል ሲጨርስ።

"ሌላስ ምን አለች?"

"ሌላ ምንም።"

አላምነውም።