የባለቤቴ አሻሻጥ በሌላ ሰው አፍ

"አይግዙ! መጀመሪያ ያሽትቱት። ካላስነጠሰዎ በርበሬ አይደለም!"

ዛሬ ጠዋት ታሃና መርካዚት ከሚሉት ዋናው የአውቶቡስ ጣቢያ አጠገብ ባለው ገበያ ይህን ስሰማ ቆምኩ። ንግግሩ የባለቤቴ ነው።

ነፍሱን ይማረውና፣ አብረን በርበሬ ስንሸጥ ሰውን "ግዙ" ብሎ አያውቅም። ከረጢቱን አፍንጫቸው ሥር ይከፍተዋል። ሲያስነጥሱ "ይማርዎ! በርበሬው አወቀዎ!" ይላል። ሰዎቹ ስቀው ይገዛሉ። ዘዴውን ከማንም አልተማረውም፣ የራሱ ነው።

አሁን አንድ የማላውቀው ጎልማሳ ቃል በቃል እየደገመ ይሸጥበታል።

ደሜ ፈላ። ሰውዬውን መክሰስ ይቻል እንደሆነ ልጠይቃት ቴል አቪቭ ጠበቃ ለሆነችው ልጄ እዚያው ቆሜ ደወልኩ።

"ኢማ፣ ሕጉ የተጻፈ ወይም የተቀረጸ ነገር ነው የሚጠብቀው። የአሻሻጥ ዘዴ የማንም አይደለም። አባ ሲሸጥ የቀረጽሽው ቪዲዮ አለሽ?"

የለኝም። የልጅ ልጆቼ ፓስታ ሲበሉ የቀረጽኩት ግን ስልኬን ሞልቶታል።

"ስብሰባ ልገባ ነው" ብላ ዘጋችው።

እንግዲያው ራሴው ልጣላው ብዬ ወደ ሰውዬው ሄድኩ። አፌን ሳልከፍት እሱ ከረጢቱን ከፈተው። አስነጠስኩ።

"ይማርዎ እማማ! በርበሬው አወቀዎ!" አለኝ።

የተዘጋጀሁበት ስድብ ሁሉ ጠፋብኝ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ሽኩና ዩድ አሌፍ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቴ ስንቴ አስነጥሻለሁ፤ ይማርሽ ያለኝ ሰው የለም።

የራሳችን በርበሬ ገና ቤት ሞልቷል። ቢሆንም ግማሽ ኪሎ ገዛሁት። ከዚያም "እስቲ አንዴ ደግሜ ላሽትተው" አልኩት።

ብቻችሁን የምትኖሩ ወዳጆቼ፣ እናንተስ ስታስነጥሱ ማን ነው ይማራችሁ የሚላችሁ?