ነጠላ የተዘቀዘቀበት ኮንሰርት

ሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ነበር። ወርኃ ጽጌ ስለሆነ የፈቃዱን ጾም ይዤአለሁ። በደባርቅ ዙሪያ ገብሱ ቢጫ መሆን ጀምሯል፤ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ይወርድበታል። ልጄ ከአዲስ አበባ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። አብረዋት ሙዚቀኞች መጡ፤ ከሙዚቀኞቹም ጋር በጥቁር ሣጥን የተቆለፈ አንድ ትልቅ ነሐስ መጣ።

ልጄ ድምፃዊት ናት። የምትዘፍነውም ጃዝ የሚባለውን ነው። ጃዝ ምን እንደሆነ በስልክ ብዙ ጊዜ ጠይቄአታለሁ፤ መልሷ ግን ይለዋወጥ ነበር። አንድ ጊዜ፣ «እማዬ፣ የታወቀ ዜማ ይዞ በሌላ መንገድ መሄድ ነው» አለችኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ «ሌላው የሚለውን ሰምቶ መመለስ ነው» አለች።

የመጀመሪያውን ሳስብበት የደብራችን መሪጌታ ትዝ አሉኝ። አንዱን ዜማ በመቋሚያ በቀስታ ያነሡታል፤ ቀጥሎ ጸናጽሉ ይገባበታል፤ በመጨረሻ ከበሮው ይመታና ይፈጥናል። ቃሉ ግን ያው ነው። ይህን ስነግራት በስልኩ ውስጥ ሳቀች፤ «በቃ፣ እሱ ነው!» አለች። እኔ ግን የመቅደሱን ከመጠጥ ቤቱ ጋር ያስተካከልሁ መሰለኝና አማተብሁ። ይቅር ይበለኝ። ሁለተኛው መልሷ ግን፣ ሰምቶ መመለስ ያለችው፣ አልገባኝም። ልጠይቃት እያሰብሁ ቆየሁ።

የመጣችው ለአንዲት በሞት ለተለየች ድምፃዊት መታሰቢያ ኮንሰርት ልታቀርብ ነው። ሟቿ የዳባት ልጅ ነበረች። እኔ ወጣት ሳለሁ ዘፈኗ በሬዲዮ ሲመጣ የገበያው ሰው ሁሉ ትከሻው ይነቃነቅ ነበር፤ ጨው የሚመዝን ነጋዴ እንኳ ሚዛኑን ይዞ ይወዛወዝ ነበር። ልጄ አፏን የፈታችው በዚያች ሴት ዘፈን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አዲስ አበባ ላይ የሚታወቅላት ሥራም የእርሷን ዘፈኖች በጃዝ መዝፈኗ ነው። አሁን ግን በሟቿ አገር፣ በሚያውቋት ሰዎች ፊት ልትዘፍናቸው ፈለገች።

አንድ ነገር ይቀራታል። የሟቿ ታላቅ እህት ዳባት አሉ፤ መነኩሲት ናቸው። ልጄ የእርሳቸውን ምርቃት ፈለገች።

«እማሆይ ካልመረቁኝ በሙት መነገድ ነው የሚሆንብኝ፤ ሁለተኛ የእሷን ዘፈን አልነካም» አለችኝ።

ቀልድ መስሎኝ ዓይኗን አየሁ። ቀልድ አልነበረም። ከእነዚያ ዘፈኖች ሌላ ለልጄ ምን እንደሚቀራት አላውቅም ነበር።

ኮንሰርቱ ሳምንት ሲቀረው አቧራ ለብሰን በሚኒባስ ዳባት ወረድን። እማሆይ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። አጭር ሴት ናቸው፤ ቆባቸው ግንባራቸውን ደፍኖታል። ቆሎ አቀረቡልን። የመጣንበትን ስንነግራቸው እንዝርታቸውን ሳያቆሙ ስለ እህታቸው ነገሩን።

«አባታችን ‹አዝማሪ ልጅ የለኝም› አለ። የሞቷ ወሬ ሲመጣም ድንኳን እንዳይተከል፣ ለቅሶ እንዳይቀመጡ ከለከለ። እሷ አዲስ አበባ ተቀበረች። እዚህ አንድም ሰው ‹ወየው› አላላትም። አባቴም ቃሉን ሳያነሣ ሞተ።»

ልጄ ስለ ዝግጅቱ ማስረዳት ጀመረች።

«እማሆይ፣ ሰው ሁሉ ይሰበሰባል። እኔ እቆምና የእሷን እላለሁ።»

«የማን አገር ሰው?»

«የደባርቅም፣ የዳባትም።»

«ፎቶዋስ?»

«ፎቶዋን ከፊት እናቆመዋለን፤ ሁሉም እንዲያያት።»

እንዝርቱ ቆመ። እማሆይ ልጄን ከእግር እስከ ራሷ አዩአት። ልጄም ተንበረከከችና «ይመርቁኝ» አለች።

«ምኑን እመርቃለሁ? መጀመሪያ ይሁን» አሉ።

እኔም ባዶ እጄን ላለመመለስ ብዬ፣ «እማሆይ፣ የክርስትና ስሟን ቢነግሩኝ ለቄሱ ሰጥቼ በጸሎት አሳስባት ነበር» አልኋቸው። ለሙት የሚጸለየው በክርስትና ስም ነው፤ አገር የሚያውቀው ስሟ ለዚህ አይሆንም።

«የሬዲዮ ስሟ አይበቃችሁም?» አሉና እንዝርታቸውን መልሰው አሾሩ።

ስንመለስ ልጄ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ «አልወደዱኝም» አለች።

«ጠይቀውሻል እኮ። ሰው የማይፈልገውን አይጠይቅም» አልኋት። ይህን ስላት ግን ራሴም ስለዚያ ጥያቄ አስብ ነበር። ስለ ዘፈኑ አንድም አልጠየቁ። ስለ ፎቶው ነው የጠየቁት። ለምን?

ኮንሰርቱ የዋለው እሑድ ከሰዓት በኋላ በከተማው አዳራሽ ነው። ሌሊቱን ማኅሌት ቆሜ ስላደርሁ ዓይኔ ከብዶት ነበር፤ ግን ነገሩን ለማየት ጓጉቼ አልተኛሁም። መድረኩ ላይ የሟቿ ፎቶ በትልቁ ቆሟል፤ ከሥሩ አደይ አበባ ተጎዝጉዟል። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥሁ። ከጎኔ የተቀመጡት ከአምባራስ ለቅዳሜ ገበያ ወርደው ያደሩ፣ ለቱሪስት በቅሎ የሚያከራዩ ሽማግሌ ናቸው። ነሐሱ ከሣጥኑ ሲወጣ አንገታቸውን አሰገጉ።

«እታለሜ፣ ይህ ደግሞ የፈረንጅ እምቢልታ ነው?»

«ሳክስፎን ይሉታል፣ አባባ።»

«ጎብጧል እኮ! እምቢልታ ቀጥ ያለ ነው። ይኸኛው በቅሎ ረግጣዋለች።»

እየሳቅሁ ሳለሁ በሩ ተከፈተ። እማሆይ ገቡ። በብብታቸው ጥቅል ነገር ይዘዋል። ከኋላቸው የዳባት ሴቶች ተከታትለው ገቡ፤ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጥለቱን ወደ አንገታቸው አድርገዋል። በእኛ አገር ነጠላ እንዲህ የሚለበሰው ለሐዘን ነው።

«ማን ሞተ?» አሉኝ ሽማግሌው በሹክሹክታ።

«እኔ እንጃ» አልኋቸው። ግን ከዳባት ይዤው የተመለስሁት ጥያቄ መልሱ እየመጣ እንደሆነ ልቤ አወቀው።

ሙዚቀኞቹ መጀመሪያ ፈጣን ነገር ተጫወቱ። ወጣቶቹ አፏጩ፤ አጨበጨቡ። ቀጥሎ ልጄ ወጣችና ያን ሁሉም የሚያውቀውን ዘፈን አነሣች። አነሣችው እንጂ አላስኬደችውም። ቀስ ብላ፣ አንዱን ቃል ይዛ እየቆየች፣ ሳክስፎኑ ብቻ ከሥር እየተከተላት ነበር።

ሽማግሌው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። «ልጅሽ ናት አይደል? አሟታል እንዴ?»

«ደኅና ናት።»

«እንግዲያ የታመመው ዘፈኑ ነው። ጎረምሳ ሳለሁ በዚህ ዘፈን ትከሻዬ እስኪወልቅ ጨፍሬአለሁ። ይኸው ዛሬ አልጋ ይዞ ያቃስታል።»

ከኋላችን ያሉት ሳቁ። አንዱ ደግሞ ከበሩ አጠገብ፣ «ኧረ ምቺው! ሠርግ ቤት አድርጊው!» ብሎ ጮኸ።

እኔ ግን ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ስንጨፍርበት በሩጫ ያለፍነው ቃል፣ ለካ ወደ አገሯ መንገድ የጠፋት ሴት ቃል ነበር።

በዚህ መካከል እማሆይ ተነሡ። በአዳራሹ መካከል አልፈው እስከ መድረኩ ሄዱ፤ ጥቅሉንም ፈቱት። የሴት ቀሚስ ነው፤ ወገቡ ጠባብ፣ ቀለሙ የደበዘዘ። ቀሚሱን ከፎቶው ሥር አበባው ላይ ዘረጉትና ሙሾ አወጡ።

«ድምፅሽ በየቤቱ ሲገባ በራዲዮ፣
አንቺ ብቻ ቀረሽ ከደጃችን፣ ወዮ!»

የዳባት ሴቶች በአንድ ጊዜ ተነሥተው ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። ያኔ ገባኝ። በአገራችን ለቅሶ የሟች ፎቶና ልብስ ከፊት ይቀርባል፤ ሰው ይሰበሰባል፤ አንዲት ሴት ቆማ ስለ ሟች ትላለች። ልጄ ዳባት ሄዳ የተናገረችው ከዚህ በምን ይለያል? እማሆይ ሲጠብቁት ለኖሩት ለቅሶ ተጠራሁ ብለው ነው የመጡት።

ሳክስፎኑ ዝም አለ። የአዘጋጆቹ ኃላፊ እየሮጠ መጣ። «እማሆይ፣ እባክዎ ይቀመጡ! ይህ ኮንሰርት ነው እንጂ ለቅሶ አይደለም!»

እማሆይ ዞር ብለው አዩት። «ሰው የጠራችሁ እናንተ። ፎቶዋን ያቆማችሁ እናንተ። ልጅቱም ስታለቅስ ነበር፤ አልሰማሃትም?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፤ «እውነታቸውን ነው» አሉ፤ አሁን በሹክሹክታ አይደለም።

ልጄ በዓይኗ ፈለገችኝ። እማሆይ አፍረው ከዚያ ቢወጡ ያ ምርቃት ለዘላለም እንደቀረ እኔም እርሷም እናውቃለን። ተነሥቼ ወደ መድረኩ ሄድሁ፤ ነጠላዬን አወለቅሁና አዘቅዝቄ ትከሻዋ ላይ ጣልሁላት። በሻሼ ብቻ ቀረሁ።

ልጄ ከመድረኩ ወርዳ እማሆይ አጠገብ ቆመች። ያሉትን ሙሾ ከአፋቸው ተቀብላ ደገመችው፤ ቃሉን ሳትለውጥ፣ ዜማውን ግን ትንሽ ወደ ታች አውርዳ። ሳክስፎኑ ወዲያው ተከተላት። ሴቶቹ ተቀበሏት። እማሆይ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እስክትጨርስ ሰሙ፤ ከዚያ ሌላ ሰጧት።

«አባት ቢከለክል እንባዬን ባደባባይ፣
በእንዝርት ፈተልሁት ሌት ተቀን ሳልታይ።»

ይህንንም ተቀበለች። እርሳቸው ሲሰጡ፣ እርሷ ስትመልስ፣ ነሐሱ ከሁለቱ ሥር ሲያቃስት ቆዩ። «ሰምቶ መመለስ» ያለችኝ ይህን ኖሯል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ መልሱን በዓይኔ አየሁ።

ሲያበቃ ማንም አላጨበጨበም። አንዳንድ ወጣቶች ወጥተው ሄደዋል። የቀረው ሰው ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው ተሰልፎ እማሆይን «እግዜር ያጽናዎት» አላቸው። ሳክስፎን የሚነፋው ሰውዬ ግራ ገብቶት ወደ እኔ መጣ።

«እማማ፣ እኔ ምን ልበል?»

«ሰዉ የሚለውን በል።»

ቀረበና አለ። እማሆይም ነሐሱን በጣታቸው ነክተው፣ «ይህ ዕቃህ ነፍስ አለው እንዴ? ከእኛ እኩል አለቀሰ» አሉት።

ልጄን ግን ምንም አላሏትም። ቀሚሱን አጥፈው፣ ሴቶቹ ደግፈዋቸው ወደ ዳባት ሚኒባስ ወጡ። ልጄ ነጠላዬን እንደለበሰች የመድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«አበላሸሁት፣ እማዬ?»

«አላውቅም። ግን ለቅሶ ከሆነ እዝን አለው» አልኋት።

እዝን ማለት ጎረቤት ለሐዘንተኛ ቤት ይዞት የሚሄደው ምግብ ነው። ሐዘንተኛው ከቀመሰው አብራችሁኝ አዝናችኋል ማለቱ ነው።

በማግሥቱ ማልጄ ተነሣሁ። ድፎ ዳቦውን ከምስር ወጥ ጋር በአገልግል አድርጌ፣ ልጄን አስከትዬ ዳባት ወረድሁ፤ የደረስነው የጾሙ ሰዓት ሲያበቃ ነው። እማሆይ ቤት ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ እንዝርቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አገልግሉን ከፈትሁት። እማሆይ አዩት፤ ዳቦውን ባርከው ቆረሱና ቀመሱ። ከዚያ ለልጄ አጎረሷት፤ እጃቸውንም ራሷ ላይ አኖሩ።

«ዝፈኚ አልልሽም፤ ቆቤ አይፈቅድልኝም» አሉ። «እሷን ግን አትተያት። እንደ ትናንቱ በያት። ድምፅሽን እሱ ይጠብቅልሽ።»

«አሜን» አለች ልጄ።

ልንነሣ ስንል እማሆይ እኔን በእጃቸው ጠሩኝና በጆሮዬ የእህታቸውን የክርስትና ስም ነገሩኝ።

እዚህ አልጽፈውም። ከዚያው ወደ ዳባት ቤተ ክርስቲያን ሄድሁና የሠርኩን ኪዳን አድርሰው ሲወጡ ላገኘኋቸው ቄስ ነገርኋቸው፤ እንዳይረሱትም ሁለት ጊዜ አስደገምኋቸው። ጧፍ አበራሁ። ከዚያም ነጠላዬን ከልጄ ተቀብዬ፣ ባዶውን አገልግል አንጠልጥዬ፣ የደባርቅን ሚኒባስ ለመጠበቅ ወደ መንገዱ ወጣሁ።