በአንድ ስም የተገዛው አክሲዮን

ጅማ፣ ሐሙስ ንጋት

መናኸሪያው ገና አልነጋለትም። የሚኒባሱ ሾፌር ራሱ "ቦንጋ! ቦንጋ!" ይላል፤ እኔ ጋቢናውን ቀድሜ ይዣለሁ። ስለ አክሲዮን ገበያ በጋዜጣ የምጽፍ ሴት ነኝ፤ የዛሬው ጉዞ ግን የራሴ ጉዳይ ነው። አባቴ ቦንጋ ሲያስተምር ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር የአንድ ባንክ አክሲዮን ገዝቶ ነበር። የአንድ አስተማሪ ደሞዝ ለብቻው ስለማይበቃ አራቱ አዋጡና ሁሉንም ከመካከላቸው አንዱ በሆኑት በጋሽ ገዛኸኝ ስም አስመዘገቡ። በመካከላቸው ውል የሚባል ነገር አልነበረም። አባቴ ካረፈ ወዲህ የእሱን ቦታ የያዝኩት እኔ ነኝ።

ሼር ልንከፋፈል እንደምሄድ ስነግረው ሾፌሩ ሳቀ።

"ይቺም መኪና ሼር ናት። ግማሿ የኔ ነው።"

"የትኛው ግማሽ?"

"የሚበላሸው።"

ጎጀብ፣ ረፋድ

መንገዱ ቁልቁል ሲወርድ ሙቀቱ ይጨምራል። ድልድዩ አጠገብ ሴቶች ሙዝና በገመድ የተሰካ ኮረሪማ ይሸጣሉ፤ ዋጋው ካምና ጨምሯል፣ ተከራክሬ ተሸነፍኩና ገዛሁ። ከወንዙ ማዶ ደን ይጀምራል፤ በየደጁ ቀይ ቡና ተሰጥቷል፣ ከፍ ካሉት ዛፎች ላይ የንብ ቀፎዎች ተንጠልጥለዋል። የማን እንደሆኑ የሚናገር ምልክት የላቸውም። ሾፌሩን ስጠይቀው "ባለቤቱማ ይታወቃል" አለኝ፣ ጥያቄዬ እንግዳ ሆኖበት። ጋሽ ገዛኸኝም የዚሁ አገር ልጅ ናቸው።

ቦንጋ፣ ከሰዓት በኋላ

የቀሩት ሁለቱ ባለድርሻዎች፣ ጋሽ መኮንን ከሺሺንዳ፣ እትዬ ዘነበች ከደካ፣ ጋሽ ገዛኸኝ ቤት ቀድመውኝ ደርሰዋል። ሁለቱም ከሰሜን ተመድበው መጥተው በዚያው የቀሩ አስተማሪዎች ናቸው፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ቆጮ በጎመን ቀረበልን። ጋሽ ገዛኸኝ ከስተዋል፤ ደረጃውን ሲወጡ መሃል ላይ ቆመው አረፉ። አስደነገጠኝ።

"አንቺ ጋዜጠኛዋ፣ ይኼ ገበያ አዲስ ነው የሚሉት እውነት ነው?" አሉኝ ጋሽ መኮንን።

የማውቀውን ነገርኳቸው። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ የጥቂት ኩባንያዎች አክሲዮን ይሸጥ፣ ይገዛ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ኩባንያዎቹ ተወረሱ፣ ገበያውም አብሮ ቀረ። የግል ባንኮች ከተፈቀዱ በኋላ እንኳ ሻጭና ገዢ የሚገናኙት በዘመድ፣ በሠርግና በለቅሶ ቤት ነበር። ገበያው እንደገና የተከፈተው ከግማሽ ክፍለ ዘመን በኋላ ነው፤ ጩኸት የለው፣ ግርግር የለው፣ ሥራው ሁሉ በኮምፒውተር ነው። የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ በራሱ ስም ይመዘገባል፤ ሲፈልግ ካለበት ሆኖ ያሸጣል።

"አጎቴ የስኳር ፋብሪካ አክሲዮን ነበራቸው" አሉ ጋሽ መኮንን። "ከተወረሰባቸው ወዲህ ሻይ ላይ ስኳር ጨምረው አያውቁም።"

ሁላችንም ሳቅን። ጋሽ ገዛኸኝ ግን ቀስ ብለው፣

"የልብ ሐኪሙ ለቀዶ ጥገና አዲስ አበባ ጠርቶኛል። ከመሄዴ በፊት ድርሻችሁን በየስማችሁ አድርጉልኝ" አሉ።

"ልጆችህን ፈርተህ ነው? እኛው ያስተማርናቸውን ልጆች?" አሉ እትዬ ዘነበች።

"ልጆቼ ደጎች ናቸው። ደግነታቸውን በእናንተ ሀብት ልፈትነው አልፈልግም።"

እትዬ ዘነበች ተነሥተው ወደ ጓሮ ወጡ። ተከተልኳቸው። በየዓመቱ ትርፍ ሲከፈል ጋሽ ገዛኸኝ "ትርፍ መጥቷል፣ ኑ" ብለው ይደውላሉ፤ ሁሉም ይሰበሰባል፣ በግ ይታረዳል፣ ሲጫወቱ ያመሻሉ።

"ገንዘቡ አይደለም የከነከነኝ" አሉኝ። "ከደካ እዚህ ድረስ የሚያመጣኝ ሌላ ምን ጉዳይ አለኝ? ከእንግዲህ ሁላችንም በየቤታችን ስልካችንን ስናይ ልንኖር ነው።"

በጋዜጣዬ ላይ ስለዚህ ገበያ ብዙ ጽፌያለሁ፤ ይኼን ግን አስቤው አላውቅም ነበር።

ቦንጋ፣ ዓርብ

ጠዋት ውል ማዋዋያው ቢሮ ሄድን። ወጣቷ ሠራተኛ "ፕሮሰሱ ቀላል ነው፣ ኮፒውን ባንኩ ጋ ሰብሚት ታደርጋላችሁ" አለች። እትዬ ዘነበች የፈረሙት መጨረሻ ነው፤ ከፈረሙ በኋላም እስክሪብቶውን ቶሎ አላስቀመጡትም። ጋሽ ገዛኸኝ ትልቅ ሸክም እንዳወረደ ሰው ተነፈሱ።

መናኸሪያ ድረስ ሸኙን፤ ተው ብንላቸው አልሰሙም። የእኔ መንገድ ወደ ጅማ፣ የሁለቱ በሌላ አቅጣጫ ነው። መኪኖቹ እስኪሞሉ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ጋሽ ገዛኸኝ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መንገዱን ያያሉ።

"ደህና ሆኜ ከተመለስኩ" አሉ በመጨረሻ፣ "ከእንግዲህ ምን ብዬ ነው የምጠራችሁ?"

"ናፍቃችሁኛል በለን" አሉ እትዬ ዘነበች።

ጋሽ ገዛኸኝ ዞር ብለው አዩዋቸው።

"እስከ ዛሬስ ምን ስል የኖርኩ መሰለሽ?"